ከላይ የሚመጣ ውሃ፦ ስለ ገጠር ግቢ ጎርፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝናብ በጣለ ቁጥር ግቢው ኩሬ የሚሆንበት፣ መግቢያ መንገዱ የሚቦረቦርበት፣ የቤቱ ግድግዳ ከሥሩ የሚረጥብበት ሰው ብዙ ነው። የሚነሱት ጥያቄዎችም ይመሳሰላሉ። ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ጎርፍ ጉዳቱ የሚታየው ታች ነው፤ የሚያዘው ግን ላይ፣ ገና ትንሽና ቀርፋፋ ሳለ ነው። ቀሪው ወሬ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ጣሪያዎ 120 ካሬ ሜትር ቢሆንና 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከጣሪያው ብቻ ወደ 6,000 ሊትር ይወርዳል። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 30 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ የሚያርፈው ከጠርዙ ሥር ባለች ቀጭን መስመር ላይ ነው።

መሬት ላይ ሲሆን ነገሩ እንደ መሬቱ ይለያያል። ጫካ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሣር የለበሰ መሬት አብዛኛውን ዝናብ ይመጠዋል። የተራቆተና የተረገጠ ሸክላ መሬት ግን ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ታች ይለቀዋል። ስለዚህ ከእርስዎ በላይ ያለው ሜዳ ዘንድሮ ከተመነጠረ ወይም ከብት ከረገጠው፣ ዝናቡ የአምናው ያህል ሆኖ ጎርፉ እጥፍ ሊሆን ይችላል። "ዘንድሮስ ዝናቡ በዛ" ከማለትዎ በፊት ወደ ላይ ቀና ብለው መሬቱን ይዩ።

ቦይ ለመቆፈር ግን የሚያስፈልገው ጠቅላላው ውሃ ሳይሆን በአንድ ሰከንድ የሚመጣው ነው። ለትንንሽ ቦታዎች መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አጭር ስሌት አለ። የዝናቡን ጥንካሬ በሰዓት በሚሊ ሜትር ይውሰዱ። በመሬቱ ስፋት በሄክታር ያባዙት። ሳይሰርግ በሚፈሰው ድርሻ እንደገና ያባዙትና ለ360 ያካፍሉት። የሚያገኙት በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚመጣ ነው። ለምሳሌ በአንድ ሄክታር የተራቆተ መሬት ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ቢመጣና የሚፈሰው ድርሻ 0.6 ቢሆን፣ በሰከንድ 100 ሊትር ይመጣብዎታል። ያው መሬት ሣር ለብሶ ድርሻው 0.3 ቢሆን 50 ሊትር ብቻ። ሣሩ ብቻውን የቦዩን ሥራ በግማሽ ቀነሰው።

ሥራውን ከየት ልጀምር?

ጃንጥላ ይዞ ዝናብ ላይ ከመውጣት። ቀልድ አይደለም። በደረቅ ቀን ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ቦይ የሚያስቆፍር ሰው በግምት ነው የሚሠራው። መብረቅ ካለ ግን ቤት ይቆዩና ልክ ሲያባራ ይውጡ።

ሲወጡ ችግሩ ካለበት ቦታ አይጀምሩ። ከአጥሩ በላይ ይሂዱና ውሃውን ተከትለው ይውረዱ። ወደ ግቢው የሚገባበትን፣ የሚታጠፍበትን፣ የሚፈጥንበትንና የሚተኛበትን ቦታ በችካል ምልክት ያድርጉ። የውሃውን ቀለም ልብ ይበሉ። አጥሩ ጋ ጠርቶ ገብቶ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቡናማ ከሆነ፣ አፈርዎን እየበላ ያለው በእነዚያ ሁለት ቦታዎች መካከል ነው። መጀመሪያ የሚሠራው እዚያ ነው።

ዝናቡ ካለፈም በኋላ ብዙ የሚነበብ ነገር ይቀራል። ሣሩ ውሃው ወደ ሄደበት ተኝቶ ይገኛል። አጥሩ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለው ገለባና ቅጠል ውሃው የት ድረስ ከፍ ብሎ እንደነበር ይናገራል። ለስላሳ ደለል የተነጠፈበት ቦታ ውሃው ፍጥነቱን የጣለበት ነው። ጠጠርና ድንጋይ ብቻ ከቀረበት ደግሞ ሮጦ አልፏል። በስልክዎ ቪዲዮ ቢያስቀሩ ቆፋሪ ሲመጣ ለማስረዳት አይቸገሩም።

ቦዩን ቆፍሬ ውሃውን የት ልልቀቀው?

ይህ ጥያቄ መቅደም ሲገባው ብዙ ጊዜ ቆፍሮ የጨረሰ ሰው ነው የሚጠይቀው። መውጫ የሌለው ቦይ ማለት ተበታትኖ ይመጣ የነበረውን ጎርፍ ሰብስቦ በአንድ ቦታ የሚለቅ ማለት ነው። ለአንድ ወቅት ጥሩ ይመስላል፣ በሚቀጥለው ጫፉ ላይ ቦረቦር ይከፈታል።

ደህና መውጫ የሚባለው የተፈጥሮ ጅረት፣ ድንጋያማ ወለል ያለው ሸለቆ፣ ወይም ሰፊና ሣር የለበሰ ቦታ ነው። ሳይጠናከር ገደል አፋፍ ላይ፣ ሰው ሠራሽ የአፈር ሙሌት ላይ ወይም መንገድ ላይ አይለቀቅም። ሣር የለበሰ መውረጃ ለመሥራት ካሰቡ፣ ሣሩ አንድ ወቅት ቀድሞ ይያዝ፣ ቦዩ ከዚያ በኋላ ይገናኘው። ትዕግሥት ይጠይቃል። ገና ያልያዘ ሣር ላይ ጎርፍ ከለቀቁ ግን ሣሩም አፈሩም አብረው ይሄዳሉ።

ከጫፉ ላይ የጭንቅላት መጠን ያላቸው ድንጋዮችን ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ያንጥፉ። ወጣ ገባ ብለው ይቀመጡ፤ ሥራቸው ውሃውን ማንገራገጭ ነው። ውሃ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒውም ያው ነው፦ ፍጥነቱን በግማሽ ከቀነሱት ጉልበቱ ሩብ ይሆናል።

የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዴት ይቆፈራል?

ከቤቱና ከጓሮው በላይ፣ ተዳፋቱን በአግድም አቋርጦ ያልፋል። ከላይ የሚመጣውን ተቀብሎ ወደ ጎን፣ ወደ መውጫው ይወስዳል። የሚወጣው አፈር በታችኛው በኩል ይከመራል፣ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ ሣር ይተከልበታል። አፈሩን በላይኛው በኩል መከመር ውሃውን ከቦዩ ያግደዋል፣ ብዙም ሳይቆይ አፈሩ ራሱ ታጥቦ ቦዩን ይሞላዋል። (አፈር ወደ ላይ የሚወረወርበት የእርከን ዓይነት አለ፤ እሱ ዓላማው ሌላ ነው።)

የቁልቁለቱ ልክ በ100 ሜትር ውስጥ ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ዝቅ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል። ከበዛ ውሃው ወለሉን መቆፈር ይጀምራል። ባዶ አፈር ላይ ውሃ በሰከንድ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ ይበቃዋል፣ አሸዋማ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ሣር ሥር የሰደደበት ቦይ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ይችላል።

ከላይ ያሰላነውን በሰከንድ 100 ሊትር ለማሳለፍ ምን ያህል ቦይ ይበቃል? ወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 40፣ ጎኖቹ በ45 ዲግሪ የተጋደሙ፣ በ100 ሜትር 50 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ቦይ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይዞ ያንን ያሳልፋል። የቀረችው 10 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ ናት። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጎን ሲያዩት ያምራል፣ ከሁለት ዝናብ በኋላ ግን ይናዳል። ጠባብና ጥልቅ ከመሆን ሰፋ ብሎ ቢጋደም ይሻለዋል።

ቁልቁለቱን ያለ መሣሪያ እንዴት ልለካው?

በዓይን አይሞክሩት። ተዳፋት ላይ ዓይን ያታልላል፤ ቁልቁል የመሰለን ሁሉ አንዳንዴ ዳገት ነው።

ኤ-ፍሬም የሚባለው፣ የA ፊደል ቅርጽ ያለው የእንጨት መለኪያ በእጅ ይሠራል። ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት እኩል እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፣ እግራቸው በትክክል 2 ሜትር ይከፈታል፣ መሐል ላይ አግዳሚ ይመታል። ከአናቱ ሲባጎ ወርዶ ጫፉ ላይ ድንጋይ ይንጠለጠላል። አሁን ያቁሙትና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ሁለቱን እግሮች ቦታ አቀያይረው ያቁሙትና እንደገና ምልክት ያድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሐል ትክክለኛው ልክ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ሲቆም ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው።

ትንሿ ዘዴ እዚህ ጋ ነች። አንዱ እግር ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ እንጨት ይምቱ። ያንን እግር ሁልጊዜ ወደ መውጫው አቅጣጫ አድርገው፣ ሲባጎው መሐል ምልክቱ ላይ የሚቆምበትን ቦታ እየፈለጉ ይራመዱ። በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በ100 ሜትር 50 ሳንቲ ሜትር እየወረዱ ነው። በየእርምጃው ችካል ይትከሉ። መስመሩ ተዳፋቱን ተከትሎ ቢጣመም አያስተካክሉት፤ ትክክሉ እሱ ነው።

ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦም ያው ነው፣ ውስጡ የአየር አረፋ እስካልገባ ድረስ።

ውሃው ወደ ጎረቤት ቢሄድስ?

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያልና የአካባቢዎን ይጠይቁ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት መርሕ ግን ጥንታዊ ነው፤ ሮማውያንም በዝናብ ውሃ የሚከሰሱበት ሥርዓት ነበራቸው። የ1804ቱ የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 640 እንዳስቀመጠው፣ የታችኛው መሬት በተፈጥሮ የሚወርድበትን ውሃ ይቀበላል፤ የላይኛው ባለቤት ደግሞ ጫናውን የሚያብስ ነገር አይሠራም። የተበታተነ ውሃ ሰብስቦ በቱቦ ጎረቤት አጥር ሥር መልቀቅ ማባባስ ነው። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ጎረቤትን ይዞ በዝናብ ቦታውን አብሮ ማየት ከክርክር በጣም ይረክሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚጠቀሙበት አንድ መውጫ ይገኛል።

የቤቱ ግድግዳ ከሥሩ ይረጥባል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የመሬቱን ተዳፋት ይመልከቱ። መሠረቱን መቆፈር የመጨረሻው ነው።

አሸንዳ የሌለው ቤት ጠርዝ ሥር ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ ጠብታው የቆፈራት የጉድጓዶች መስመር አለች። ከዚያች መስመር የሚረጨው ጭቃ ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ድረስ ተለጥፎ ይታያል። ብዙ ሰው ያንን አይቶ እርጥበቱ ከመሬት የመጣ ይመስለዋል። ግማሹ ግን ከላይ ወርዶ የተረጨ ነው። አሸንዳ ለመግጠም ካልተቻለ፣ በዚያች መስመር ላይ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር ንጣፍ ከትንሽ ቁልቁለት ጋር ቢደረግ ርጭቱ ይቀንሳል።

አሸንዳ የሚገጥሙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የአሸንዳ ሆድ (አሸንዳው ተቆርጦ ከፊት ሲታይ ያለው የውስጥ ስፋት) ይያዙ። የ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ውሃ ለሚወርድበት ጎን፣ 12.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግማሽ ክብ አሸንዳ ልክ ይሆናል። ዝናቡ እንደ መዓት የሚወርድበት ቦታ ከሆነ ከፍ ያድርጉት። መውረጃ ቱቦው ደግሞ ግድግዳው ሥር እንዳያበቃ። ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይልቀቅ። ውድ አሸንዳ ተገጥሞ ቱቦው ማዕዘኑ ሥር ሲለቅ ማየት የተለመደ ነው። የጣሪያውን ውሃ በሙሉ ሰብስቦ መሠረቱ ላይ ማፍሰስ ነው ሥራው።

መሬቱ ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ለዚህ የሚሞላው አፈር ሸክላማ ይሁንና በየስሱ ይጠቅጠቅ፤ አሸዋ ከተሞላ ውሃው በውስጡ ሰርጎ መሠረቱ ጋ ይደርሳል። ሙሌቱ ከቤቱ ወለል በታች 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። በተለይ የጭቃ ግድግዳን አፈር እንዳይነካው።

በጠጠር የሚሞላው የመሬት ውስጥ ቦይስ?

ከመሬት ውስጥ እየመነጨ ለሚያረጥብ ውሃ ጥሩ ነው። ከላይ ለሚሮጥ ጎርፍ ግን አይሆንም። የደፈረሰ ጎርፍ ከገባበት ጠጠሩ መሐል ደለል ይሞላና ከጥቂት ወቅት በኋላ ምንም የማይሠራ ነገር ቀብረው ይቀራሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር ቁልቁለት። ጂኦቴክስታይል ጨርቅ (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) ይነጠፋል፣ የታጠበ ጠጠር ይደረጋል፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ቀዳዳ ቱቦ ይተኛል፣ እንደገና ጠጠር ይሞላል፣ ጨርቁ ይታጠፍበታል። የቱቦው ቀዳዳዎች ወደ ታች ይሁኑ። ይህን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ውሃው ጉድጓዱን ከታች ወደ ላይ ነው የሚሞላው፤ ቀዳዳው ታች ሲሆን ገና ሳይበዛ ይገባል። ከመሠረቱ ጥግ ጥልቅ ቦይ መቆፈርም መሠረቱን ያናጋል፣ ራቅ ይበሉ።

ውሃው ለምን አይሰርግም? ማስረጊያ ጉድጓድ ብቆፍርስ?

ይሞክሩት፣ ርካሽ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው ያሳድሩ። በማግሥቱ እንደገና ሞልተው በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ በማስመሪያ ይለኩ። በሰዓት 3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ አሸዋማ ነው፣ ማስረጊያ ያዋጣል። ሸክላ አፈር በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚውጠው። እዚያ ላይ ማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ኩሬ መቆፈር ነው።

በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ያለው ሰው ደግሞ ልዩ ጉዳይ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ስንጥቁ ውሃ ይጠጣል፣ ሰውም "ደህና ነው" ይላል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ የሚመጣው ሁሉ ላዩ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ መፍትሔው ማስረግ ሳይሆን ሰፊ፣ ዝቅ ያለ ቦይ ነው።

መግቢያ መንገዴ በየዓመቱ ይታጠባል።

መንገዱ ቦይ ስለሆነ ነው። የመኪና ጎማ የቆፈረው መስመር ውሃውን ይዞ እስከ ታች ይወርዳል። ጠጠር ቢደፋበትም ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጠጠር ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ከመንገዱ ያውርዱት።

4 ሜትር የሚሰፋ መንገድ መሐሉ ከጎኑ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ውሃው ወደ ሁለቱም ጎን ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በየተወሰነ ርቀት መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ፣ መኪና በቀላሉ የሚያልፈው ሰፊ ጎድጓዳ ይሠራ። በ100 ሜትር 5 ሜትር በሚወርድ መንገድ በየ40 ሜትሩ፣ 10 ሜትር በሚወርድ በየ25 ሜትሩ ያህል ይበቃል። እያንዳንዱ ጎድጓዳ ውሃውን ሣር ላይ እየለቀቀ ከሄደ፣ ታች የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ከመንገዱ ሥር ስንት ቁጥር ቱቦ ልቅበር?

ከ45 ሳንቲ ሜትር ባያንስ እመክራለሁ። ሒሳቡ 30 ይበቃል ቢልዎትም። ጠባብ ቱቦ የሚዘጋው በውሃ ሳይሆን በቅርንጫፍና በገለባ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ እጅም አካፋም አይገባበትም። ወለሉ ከጅረቱ ተፈጥሯዊ ወለል ጋር እኩል ይሁን፣ ከላዩ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ አፈር ይኑር፣ መግቢያውና መውጫው በድንጋይ ይያዝ። ከመውጫው ወዲያ ድንጋይ ካልተነጠፈ ውሃው ጉድጓድ ቆፍሮ ቱቦውን በአየር ላይ ያንጠለጥለዋል።

መኪና አልፎ አልፎ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ግን ቱቦውን ይተዉት ነው የምለው። ጅረቱ በሚያልፍበት ቦታ መንገዱን ዝቅ አድርገው ድንጋይ ያንጥፉበት። ውሃው በላዩ ያልፋል፤ አይዘጋም፣ ጥገናውም ቀላል ነው።

ግቢዬ ውስጥ ቦረቦር ተከፍቷል። አፈር ሞልቼ ልዝጋው?

አይዝጉት። የሞሉት አፈር ላላ ያለ ስለሆነ በመጀመሪያው ጎርፍ ይወጣል። ቅርንጫፍና ቆሻሻ መጣልም አያድነውም፤ ውሃው በጎን ዞሮ አዲስ መንገድ ይከፍታል።

ቦረቦር የሚያድገው ወደ ላይ ነው። ራሱ ላይ፣ ውሃው ከሜዳው ዘልሎ የሚወድቅበት አፋፍ ጋ ቁጭ ብለው ይዩት። ውሃው ሲወድቅ የግድግዳውን ሥር ይቆፍራል። ላይኛው አፈር ከነሣሩ ለጥቂት ጊዜ እንደ ከንፈር ወጣ ብሎ ይንጠለጠላል። ከዚያ ይገመሳል። ቦረቦሩ አንድ እርምጃ ወደ ቤትዎ ተጠጋ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከዚያ አፋፍ በላይ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ማስቀየር ነው። ማስቀየር ካልተቻለ አፋፉ ይጋደምና በድንጋይ ይነጠፍ፣ ውሃው ከመዝለል ይልቅ ይንሸራተት።

ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ ውሃውን የሚያዘገይ አጭር ግድብ፣ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር አይለፍ፤ ብዙ አጫጭር ክትሮች ከአንድ ረጅም ይሻላሉ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሲሆን ርቀታቸው ልክ ነው። የክትሩ መሐል ከጎኖቹ ዝቅ ማለት አለበት። ይቺ ነጥብ ከተረሳች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፦ ውሃው መሐል ላይ መውጫ ካጣ ጎኖቹን በልቶ ክትሩን በባዶ ሜዳ ያስቀረዋል። ጎኖቹም ወደ ዳርና ዳር አፈር ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ይግቡ፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃው የሚወድቅበት ድንጋይ ይነጠፍ።

ከዚያ ከብት አይግባበት። ከክትሩ በላይ ደለል ሲሞላ ሣር ይትከሉበት። ቬቲቨር ሣር ሥሩ 3 ሜትር ገደማ ይወርዳልና ለዳርቻው ጎበዝ ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ፣ ተዳፋቱን በአግድም ይትከሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ጉልበት የማይደርስ ቦረቦር በአካፋ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ሰው የሚውጥ ሲሆን ማሽን ይፈልጋል።

ቦዩን በሲሚንቶ ላልብሰው?

በጣም ቁልቁል ካልሆነ በቀር አይመከርም። ሲሚንቶ ውሃውን ያፈጥነዋል፣ ጫፉ ላይ ያለውን ጉዳት ያብሳል፣ ከሥሩ አንዴ ውሃ ከገባ ደግሞ ተሰብሮ ይንጠለጠላል። ሣር ራሱን ይጠግናል።

ይህን ውሃ ማጠራቀም አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ጎርፍን ያስቀራል ብለው አይጠብቁ። 5,000 ሊትር ታንከር ከላይ ባሰላነው ዝናብ፣ በዚያ ጣሪያ፣ ገና ዝናቡ ሳያልቅ ይሞላል። ስለዚህ የትርፉ መውጫ ቱቦ ከመግቢያው ቱቦ አይነስ፣ የሚለቅበትም ቦታ ይታሰብበት። የመጀመሪያው ውሃ የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ወደ ታንከሩ ሳይገባ ይደፋ። ከቤት በላይ በተዳፋት ላይ የአፈር ኩሬ ማበጀት ግን ያለ ባለሙያ አይሞከርም።

የውሃ ጉድጓዱና መጸዳጃው ያሳስቡኛል።

ትክክል ነው፣ ሊያሳስብ ይገባል። መጸዳጃ ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ በታችኛው በኩልም ይሁን። የውሃ ጉድጓዱ አፍ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ዙሪያው ወደ ውጭ የሚያፈስ የሲሚንቶ ወለል ይኑረው። መቀልበሻ ቦይ ከሁለቱም በላይ ይለፍ።

ጎርፍ ከገባበት ጉድጓድ፣ ጥርት ቢልም እንኳ፣ በክሎሪን ሳይታከምና ሳይመረመር አይጠጣ። እስከዚያው ውሃው ፈልቶ ለ1 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለ3 ደቂቃ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ የፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም ነዳጅ አያወጣም። እሱ ገብቷል ብለው ከጠረጠሩ ሌላ ውሃ ይፈልጉ።

የቆመው ውሃ ትንኝ ያመጣል?

ያመጣል። ሙቀት ባለበት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ከዝናብ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ የማይደርቅ ቦታ ካለ ወይ ይሙሉት፣ ወይ ቦይ ያውጡለት።

ጥገናው መቼ ነው?

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የመጀመሪያው ጽዳት የሚሠራው ገና ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው። የሚወጣውን ደለል ቦዩ ዳር ላይ አይተዉት፤ ለጓሮ አትክልት ጥሩ አፈር ነው። ሣሩን ከሥሩ አይንቀሉት፣ ይጨዱት ብቻ።

ጎርፉ እየመጣ ሳለ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ የለም። የመዝጊያ ደፍ ላይ የአሸዋ ጆንያ መደርደር፣ የተዘጋን ቱቦ ከደህና ቦታ ሆኖ በረጅም እንጨት መክፈት፣ ውሃ የሚደርስበት ከሆነ መብራት ከቆጣሪው ማጥፋት። ቆጣሪው ራሱ ውሃ ውስጥ ከሆነ ግን አይጠጉ። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ኖሮት አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለከብትም ይሁን ለዕቃ ብለው አይሻገሩ።

ባለሙያ መጥራት ያለብኝ መቼ ነው?

ቦረቦሩ ከሰው ቁመት ሲያልፍ፣ ቦዩ ከጥቂት ሄክታር በላይ የሚያስተናግድ ሲሆን፣ ወይም ሥራው የሕዝብ መንገድ የሚነካ ሲሆን።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን የመሬት መንሸራተት ነው። ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ በአግድም የሚሄድ አዲስ ስንጥቅ፣ ከዚህ በፊት ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎችና ምሰሶዎች መጋደል፣ በድንገት መዝጋት ያቃተው በርና መስኮት፣ ከተዳፋቱ ሥር ድንገት የመነጨ ወይም የደፈረሰ ምንጭ ምልክቶቹ ናቸው። እዚህ ላይ ማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር፣ ውሃን ወደ ስንጥቁ መምራት ወይም የተዳፋቱን እግር መቁረጥ ነገሩን ያፋጥነዋል። ስንጥቁ በዝናብ ውስጥ እየሰፋ ከሄደ ቤተሰቡን ይዘው፣ ሸለቆውን ተከትለው ሳይሆን ወደ ጎን ይውጡ፤ ባለሙያ አይቶት ደህና ነው እስኪል እዚያ ቤት አይታደርም።